የ16 ዓመት ሯጭ ምን ያህል ትብላ? የሰሞኑ ክር ከነመልሶቹ

ክሩ፣ ማለትም ከአንድ ጥያቄ ሥር የተጻፈው የመልስ ሰንሰለት፣ ረዝሟል። አዲስ የሚገባው ሰው ሁሉ ከላይ የተመለሰውን መልሶ ይጠይቃል። ስለዚህ ከመነሻው ጀምሬ ማን ምን እንዳለ በየተራ ቁጥሩ ላስቀምጥ። የራሴንም ሐሳብ በየመሃሉ እጨምራለሁ። ጉዳዩ የልጆች ጤና ስለሆነ ገለልተኛ መስዬ ማለፍ አልፈልግም።

መነሻው

የጻፈችው አዲስ አበባ የምትሠራ ታላቅ እህት ናት። ታናሿ 16 ዓመቷ ነው። አርሲ ውስጥ በአንድ የታዳጊዎች ፕሮጀክት ታቅፋ 3000 እና 5000 ሜትር ትሮጣለች። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ ነው የምትኖረው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በባዶ ሆዷ ትወጣለች። ስትመለስ ሻይ በዳቦ ቀመስ አድርጋ ወደ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ምሳ የምትበላው ወደ 9 ሰዓት ገደማ ነው። እራት ሽሮ በእንጀራ።

አምና ክብደቷ ሲቀንስ ሰዓቷም ተሻሻለ። አሰልጣኟ ደስ ብሎት ገና አሁን ሯጭ መሰልሽ አላት። ዘንድሮ ግን ሰዓቷ ባለበት ቆመ። ግራ አገዳዋን ያማታል። የወር አበባዋ ከቀረ አምስት ወር አልፎታል። አብረዋት የሚኖሩት ልጆችም እንደዚያው ስለሆኑ ማንም አልደነገጠም።

ጥያቄዎቿ ሦስት ናቸው። ልጅቷ በቀን ምን ያህል መብላት አለባት? እህት በየወሩ በምትልከው ትንሽ ብር ምን ቢገዛ ይሻላል? ሰው ሁሉ የሚያወራለት ፕሮቲን ፓውደርስ ያስፈልጋታል ወይ?

መልስ 1

አሰላ ያደገች ሴት ናት። የነካችው ቁርስን ብቻ ነው፤ ግን ጥሩ ጀመረች። እናቷ ለሚሮጠው ወንድሟ በሶ ማታውኑ በጥብጣ ታስቀምጥለት ነበር። የተቆላ ገብስ ዱቄት፣ ውሃ፣ ማር ካለ ማር፣ ከሌለ ስኳር፣ ቁንጥር ጨው። እንዳይጓጉል መጀመሪያ በትንሽ ውሃ በእጅ ይታሻል፤ ከዚያ ነው የሚቀጥነው። ልጁ ሊወጣ ሲል ግማሽ ኩባያ ይጠጣል። ሲመለስ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ቀሪውን ይጨርሳል። ውድ አይደለም፤ እሳት አይፈልግም፤ ሆድም አይከብድም። ጠዋት የሚነድ ምድጃ ለሌላቸው ሦስት ልጆች ከዚህ የሚቀል ነገር እኔም አላውቅም።

መልስ 2

ክሩን ያጋለው ይህ ነው። ጸሐፊው ስማቸው ከቦቆጂ ጋር የተያያዘውን ጀግኖቻችንን ዘረዘረ። ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ። እነሱ ካሎሪ ቆጥረው አልሮጡም አለ። ገብስና ወተት በሚገኝበት ቤት፣ አንዳንዴም በማይገኝበት፣ አድገው ነው ዓለምን ያስደነቁት። በእሱ እምነት ችግር ነው ያጠነከራቸው። ልጆቹን ካንቀባረርናቸው ሯጭ አናገኝም ብሎ ደመደመ። ብዙ ሰው ወደደለት።

ይህ አስተሳሰብ በየሜዳው አለ። የምሬን የምቃወመውም ነው። ደግነቱ ቀጥሎ የመጣው መልስ እኔ ልለው ከምችለው በላይ አለው።

መልስ 3

የቀድሞ ሯጭ ናት። በጨዋ አነጋገር ነው የጀመረችው፤ ወንድሜ እያለች። የዘረዘራቸው ሰዎች የደረሱት ናቸው። እሷ ግን በዚያው ሜዳ ላይ አብረዋት የጀመሩትንና መንገድ ላይ የቀሩትን ታስታውሳለች። አንዷ በአገዳ ስብራት፣ አንዷ በማያባራ ድካም፣ አንዷ ደሟ አልቆ ራሷን እየሳተች። የእነሱን ስም የሚዘረዝር የለም።

ሁለተኛው ነጥቧ ደግሞ ከጥናት የመጣ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት 10 ምርጥ የኢትዮጵያ የረጅም ርቀት ሯጮች የሚበሉትን እየመዘነ ተከታትሎ ነበር። የሚበሉት ኃይል ከሚያወጡት ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። ከሚበሉት ውስጥ 64 በመቶ ያህሉ ኃይል የተገኘው ከካርቦሃይድሬት ነው፤ ማለትም ከእንጀራ፣ ከዳቦ፣ ከሩዝ፣ ከፓስታና ከመሳሰሉት። ጥናቱ የአዋቂዎች ነው። ግን አንድ ነገር ያሳያል። ምርጦቹ ይበላሉ። ተርበው አይደለም የሚያሸንፉት።

መልስ 4፣ 5 እና 6

አራተኛዋ በጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት። ምክር ከመስጠቷ በፊት ጠየቀች። ሕመሙ አገዳዋ ላይ በአንድ ጣት በሚነካ ቦታ ነው ወይስ በሰፊው? ሌሊትም ያማታል? ማዞር አለ? ፀጉሯ ይረግፋል? ቶሎ ቶሎ ጉንፋን ይይዛታል? ከዚያ ጤና ጣቢያ ሄዳ ሄሞግሎቢኗን (የደም ማነስ መለኪያውን) እንድትለካ፣ የእርግዝናና የታይሮይድ ምርመራም እንድታደርግ መከረች።

አምስተኛው በእርግዝናው ቃል ተቆጣ። የሰው ልጅ ስም አታጥፊ ብሎ ጠንከር ያለ ነገር ጻፈ። ነርሷ በስድስተኛው በእርጋታ መለሰች። የወር አበባ የቀረባትን ማንኛዋንም ሴት ሐኪም መጀመሪያ የሚያጣራው ይህንኑ ነው፤ ሐሜት አይደለም። ምክንያቱ ምግብ ነው የሚባለው ሌላው ሁሉ ከተጣራ በኋላ ነው። አያይዛ ሁለት መለኪያ ሰጠች። ይመጣ የነበረው የወር አበባ ሦስት ወር ከቀረ፣ ወይም ልጅቷ 15 ዓመት ሞልቷት ጭራሹን ካልጀመራት፣ ሯጭ ናት ተብሎ መታለፍ የለበትም።

ሦስት ወር የሚለውን ቁጥር እባካችሁ ያዙት። ብዙ እናቶች ልጄ ስለምትሮጥ ነው እያሉ ዓመት ያሳልፋሉ።

መልስ 7

ስፖርት ሳይንስ የተማረ ሰው ነው። ከሁሉም ረጅሙን ጻፈ። የመነሻውን ጥያቄ በቁጥር የመለሰው እሱ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ አቀርበዋለሁ።

ስሌቱ እንዲህ ነው። አንድ ሰው ሲሮጥ ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር በእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ወደ 1 ካሎሪ ገደማ ያቃጥላል። 45 ኪሎ የምትመዝን ልጅ በቀን 12 ኪሎ ሜትር ብትሮጥ ወደ 540 ካሎሪ ለሩጫው ብቻ አወጣች። ከምትበላው ላይ ይህ ሲቀነስ የሚተርፈው ነው ለልብ፣ ለአንጎል፣ ለሆርሞን፣ ለአጥንትና ለቁመት የሚሆነው። የስፖርት ሐኪሞች ይህን ትርፍ የሚለኩት ከስብ ውጪ ባለው ክብደት ነው። ለልጅቷ 37 ኪሎ እንበል። ለእያንዳንዱ ኪሎ በቀን 45 ካሎሪ ቢተርፍላት ደህና ናት። ከ30 ሲወርድ ሰውነት መቆጠብ ይጀምራል።

ሲባዛ 45 በ37 ማለት 1665 ነው። የሩጫው 540 ሲደመር 2205 ካሎሪ። ልጅቷ ገና እያደገች ስለሆነ ይህ ጣሪያ ሳይሆን ወለል ነው። ወደ ትምህርት ቤት በእግር መሄዱ፣ ውሃ መቅዳቱም አልተቆጠረም። አሁን በቀን 1600 ብቻ የምትበላ ቢሆን፣ ሩጫው ሲቀነስ 1060 ይቀራታል። ለ37 ሲካፈል 29 እንኳ አይሞላም።

ሰውነት የሚቆጥበው ለዛሬ ከማያስፈልገው ነው አለ። ዛሬ ለመኖር ልብ የግድ መምታት አለበት። የወር አበባ ግን ለዛሬ አያስፈልግም፤ ስለዚህ ይቆማል። እሱን የሚያዘው ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን አጥንትንም የሚጠብቅ ነው፤ እሱ ሲወርድ የአጥንቱም ጠባቂ አብሮ ወረደ ማለት ነው። የከፋው ጊዜው ነው። ሴት ልጅ በዕድሜዋ ሁሉ የምትይዘው አጥንት እስከ 90 በመቶው 18 ዓመት እስኪሆናት ድረስ ነው የሚገነባው። በ16 ያልተገነባው በ30 አይካካስም።

ለዚህ ችግር ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ በ2014 እ.ኤ.አ. ስም ሰጥቶታል። ባለሙያዎች ሬድ-ኤስ ይሉታል፤ በስፖርት የሚመጣ የኃይል እጥረት ማለት ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. መመሪያው ታድሷል። ቀድሞ የሴቶች ብቻ ይመስል ነበር፤ አሁን ወንዶችም እንደሚጎዱ ታውቋል። መጀመሪያ ላይ ክብደት ሲወርድ ሰዓት ሊሻሻል መቻሉን ሰውየው አልካደም። ችግሩ ማሻሻያው ለጥቂት ወራት መሆኑ ነው። ከዚያ ሰዓቱ ይቆማል፣ ሕመም ይጀምራል። የልጅቷ ታሪክ ከዚህ ጋር አንድ ነው።

መልስ 8 እስከ 11

እዚህ ወደ ወጥ ቤት ገባን። ስምንተኛዋ ካሎሪ በሚለው ቃል ተማረረች። ድሃ ቤት ሚዛን የለም፤ በሳህን ንገሩን አለች። ትክክል ናት። ዘጠነኛውና አሥረኛዋ ተባብረው ቀኑን በሳህን አስቀመጡት። ሁለቱም የሚሮጡ ልጆች ወላጆች ናቸው።

ከልምምድ በፊት በሶ ወይም አንድ ሙዝ። እንደተመለሰች ወዲያው ቅንጬ ወይም ገንፎ፤ ጊዜ ከሌለ የተቀቀለ ድንች በዳቦና አንድ እንቁላል። ሻይ ብቻውን ቁርስ አይደለም። በትምህርት ቤት ቦርሳ ውስጥ ቆሎ፣ ከኦቾሎኒ ጋር ቢደባለቅ የተሻለ። ምሳ እስከ 9 ሰዓት መቆየት የለበትም። ካልተቻለ ቆሎው በእረፍት ሰዓት ይበላል። ከሰዓት እንጀራ በምስር ወይም በሽሮ፣ ጎመን ከጎኑ። ማታ እንደገና እንጀራ ወይም ፓስታ፣ ከተገኘ ወተት ወይም እርጎ። አርሲ ውስጥ ጩኮ የሚሠራ ቤተሰብ ካለ ደግሞ ትንሽ እፍኝ ብዙ ኃይል ይዟል፤ ገብስና ቅቤ ነውና።

አሥራ አንደኛው ለቁጥር ወዳጆች ጥቂት ጨመረ። በቀን ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ለሚሮጥ ሰው በኪሎ ክብደት ከ6 እስከ 10 ግራም ካርቦሃይድሬት፣ ከ1.2 እስከ 2 ግራም ፕሮቲን ይመከራል። ለ45 ኪሎዋ ልጅ ፕሮቲኑ ከ54 እስከ 90 ግራም ይሆናል። አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18 ግራም ገደማ አለው፤ አንድ እንቁላል 6። ስለዚህ ፓውደር ሳይገዛ ይሞላል።

እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ነው። ሦስቱ ልጆች አብረው ይኖራሉ። አብረው ቢያበስሉ ብሩ ይበረክታል። አንድ ኪሎ ምስር ለብቻ ከሚበላ ለሦስት ቢበላ ሌላዋ እንቁላል ትገዛለች።

መልስ 12 እና 13

ስለ ደም ማነስ ነው። አሥራ ሁለተኛዋ ጤፍ ብረት አለው፣ እንጀራ የሚበላ ሰው ደም አያንሰውም ብላ ጻፈች። አሥራ ሦስተኛው የላብራቶሪ ባለሙያ አረማት። ጤፍ ላይ የሚለካው ብረት ከፊሉ ከአውድማው አፈር የመጣ ነው። ከእህሉ የሆነውንም ፋይቴት የሚባል ነገር አንቆ ይይዘዋል። ሊጡ በደንብ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ የቦካ እንጀራ ካልቦካ ቂጣ ይሻላል።

ከ14 እስከ 18 ዓመት ላለች ሴት በቀን 15 ሚሊ ግራም ብረት ይመከራል፤ ለወንዱ 11። ቦቆጂን በመሰለ ወደ 2800 ሜትር ከፍታ ባለው ቦታ ሰውነት ተጨማሪ ቀይ ደም ስለሚሠራ ብረቱ ቶሎ ያልቃል። ርካሹ መፍትሔ ሁለት ነገር ነው። ምስርና ጎመኑ ላይ ሎሚ መጭመቅ ወይም ቲማቲምና ቃሪያ መጨመር፤ ቫይታሚን ሲ ብረቱን ያስገባዋል። ቡናና ሻይን ደግሞ ከምግብ ጋር አለመጠጣት፤ ቢያንስ አንድ ሰዓት ማራቅ። ሻይ በዳቦ የሚለው ቁርስ እዚህም ተከሰሰ።

የብረት ኪኒን ወይም መርፌ ግን ሳይመረመሩ አይወሰድም አለ። የበዛ ብረት ራሱ ጉዳት አለው። ይህን በደማቅ እንዲያዝልኝ እፈልጋለሁ፤ ጉልበት ይሰጣል እየተባለ ለልጆች መርፌ የሚያስወጉ ሰዎች አሉና።

መልስ 14 እስከ 19

ጾም ተነሣ። ሙቀቱ ከፍ አለ። አሥራ አራተኛው የችግሩ ሁሉ ምንጭ ጾም ነው አለ። አሥራ አምስተኛዋ እናት በጣም ተቆጣች። አያቶቻችን ጾመው ነው አድዋ የሄዱት ብላ ሰደበችው። የገጹ አስተባባሪ ስድቡን አጠፋው።

አሥራ ስድስተኛው ዲያቆን ነው። በትሕትና ነው የጻፈው። ልጅቷ ታማ ከሆነ ለንስሐ አባቷ ትንገር አለ። ቤተ ክርስቲያን ለሕመምተኛ መንገድ አላት፤ ያም የሚወሰነው ፌስቡክ ላይ ሳይሆን ከንስሐ አባት ጋር ነው። ሥጋና ወተት ባይበላ እንኳ እስከ 9 ሰዓት መቆየቱን ማስቀረት ትልቅ ለውጥ እንደሆነ አስረዳ።

እኔም ልዩነቱ እዚህ ላይ መሆኑን አምናለሁ። የጾም ምግብ በራሱ ሯጭን አይጎዳም። ምስር፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ሱፍ፣ ተልባ፣ ኑግ፣ አቮካዶ ያለበት ገበታ ሙሉ ነው። የሚጎዳው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ከልምምድ በኋላ ለሰዓታት ሳይበሉ መቆየት። ሁለተኛው የእንስሳው ምግብ ሲወጣ በቦታው ምንም አለመተካት፤ ወተትና እንቁላሉ ቀርቶ እንጀራው ባለበት ሲቀር። ለምእመን የጾሙ ቀን በዓመት ወደ 180 ስለሚደርስ ትንሽ አይደለም። ቫይታሚን ቢ12 ደግሞ ከተክል አይገኝም። ስለዚህ በፍስክ ቀናት ወተትና እንቁላሉ በደንብ ይበላ።

አሥራ ሰባተኛው ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን አነሣ። ጥቂት በዚያው ተጓዝን፤ እዚህ አልደግመውም። አሥራ ዘጠነኛው ሙስሊም ሯጭ ግን ጠቃሚ ነገር ጨመረ። በረመዳን ቀላሉን ልምምድ ከኢፍጣር በፊት ባለው አጭር ጊዜ ይሠራል፤ ጠንካራውን ከኢፍጣር በኋላ። ሱሁርን አያልፍም፤ ገንፎና እርጎ ይበላል። ለታዳጊዎች ወሩን የውድድር ዝግጅት ማድረግ ልክ አይደለም ይላል። እስማማለሁ።

መልስ 20

የተሰረዘ ነው። ፕሮቲን ፓውደርና የክብደት መቀነሻ ሻይ በውስጥ መስመር እሸጣለሁ የሚል ነበር። ለ16 ዓመት ልጅ ክብደት መቀነሻ! አስተባባሪው ማውጣቱ ደግ አደረገ።

መልስ 21

ፓውደሩን በተመለከተ የመጨረሻው ቃል ይህ ይሁን። ጸሐፊው በፀረ አበረታች ቅመሞች ትምህርት ላይ የሠራ ሰው ነው። ቆርቆሮው ላይ ያልተጻፈ የተከለከለ ነገር ውስጡ ሊገኝ ይችላል። በናሙናው ውስጥ ለተገኘው ነገር ተጠያቂው አትሌቱ ራሱ ነው፤ አላወቅሁም ማለት አያድንም። ልጆችም ይመረመራሉ። በዚያ ላይ በአንዱ ቆርቆሮ ዋጋ ለወራት የሚበቃ ምስርና እንቁላል ይገዛል።

መልስ 22 እና 23

ሚኒሶታ የምትኖር እናት ናት። ልጇ በትምህርት ቤቷ ቡድን አገር አቋራጭ ትሮጣለች። ቡድኑ ውስጥ ከመግባቷ በፊት የሚሞላ የጤና ቅጽ አለ። ቅጹ የመጨረሻው የወር አበባ መቼ እንደነበር፣ በዓመት ስንት ጊዜ እንደመጣ ይጠይቃል። መጀመሪያ እናቲቱን ያሳፍራት ነበር። አሁን ገብቷታል። ይህን ጥያቄ እኛ አገር ፕሮጀክት ውስጥ የሚጠይቅ ሰው ማን ነው ብላ ጠየቀች። ወንድ አሰልጣኝ ሊጠይቅ ያፍራል፤ ልጅቷም ለመናገር ታፍራለች።

ሃያ ሦስተኛው ችግሩ የድሃ ብቻ እንዳልሆነ አሳየ። አሜሪካዊቷ ሜሪ ኬን በ17 ዓመቷ፣ በ2013 እ.ኤ.አ. ሞስኮ ላይ የዓለም ሻምፒዮና የ1500 ሜትር ፍጻሜ ደርሳ ነበር። በ2019 እ.ኤ.አ. ወጥታ ተናገረች። ክብደትሽን ቀንሺ እየተባለች ለሦስት ዓመት የወር አበባዋ እንደቀረና አምስት አጥንቷ እንደተሰበረ ገለጸች። ገንዘብ፣ ላብራቶሪ፣ ዘመናዊ ሜዳ ሁሉ ባለበት ቦታ ነው ይህ የሆነው። የጎደለው እህል አልነበረም። ቀጭን ማለት ፈጣን ነው የሚለው እምነት ነው የጎዳት።

መልስ 24

አንድ አሰልጣኝ መጣ። በጣም ተናዶ ነው የመጣው። ከከተማ ተቀምጦ መጻፍ ቀላል ነው አለ። 40 ልጆች አሉት። ገሚሶቹ ከገጠር በእግራቸው ይመጣሉ። የሚመደብለት በጀት ለትጥቅ እንኳ አይበቃም። ቁርስ ያልበላ ልጅ መጥቶ ሲቆም ሂድ ብለህ ትመልሰዋለህ ወይስ ታሮጠዋለህ ብሎ ጠየቀ። ወላጅም ልጁ ሲያሸንፍ እንጂ ሲራብ አይመጣም አለ። ለመነሻዋ እህትም ቆንጠጥ የሚያደርግ ነገር ጣል አደረገ፤ ከአዲስ አበባ በስልክ ከመጠየቅ መጥታ ብታያት ይሻል ነበር ብሎ።

የመጨረሻው አልተገባም። እህትየዋ ከደመወዟ እየቆረጠች ነው የምትልከው። የቀረው ግን እውነት አለው። አሰልጣኙን ብቻ መውቀስ ቀላል ነው።

መልስ 25 እና 26

ሃያ አምስተኛዋ መልስ 3 ላይ የጻፈችው የቀድሞ ሯጭ ናት። አሁን ቃሏ ጠንከር አለ። በጀት የማይጠይቅ ነገር አለ አለችው። ሚዛኑን ከሜዳው አንሣ። ልጆቹን እርስ በርስ እያስተያየህ ይቺ ወፈረች አትበል። የወር አበባዋ የቀረባትን በርቺ አትበላት። ለዚህ ብር አያስፈልግም።

ሃያ ስድስተኛው የስፖርት መምህር ነው። ክርክሩን ወደ ሥራ መለሰው። በእሱ ትምህርት ቤት ሰኞ ሰኞ እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ ያለውን ያመጣል። ድንች፣ ባቄላ፣ ገብስ፣ የሆነውን። ምንም የሌለው ልጅ እንጨት ይሰበስባል፤ ባዶ እጁን መጣ ተብሎ አያፍርም። የጥበቃው ባለቤት ልምምዱ ሊያልቅ ሲል ትልቁን ድስት ትጥዳለች። ልጆቹ ላባቸው ሳይደርቅ ትኩሱን ድንች በሚጥሚጣ ይበላሉ። ከዚያ ክፍል ይገባሉ። እንቁላል የሚጨመረው ሐሙስ ነው፤ ከከባዱ ልምምድ በኋላ። መምህሩ የሚለው ከጀመሩ ወዲህ የሚቀሩ ልጆች ቀንሰዋል። አሰልጣኙ ስለ ድስቱ ወጪ በውስጥ መስመር ሊጠይቀው እንደሚፈልግ ጻፈ። ቁጣው በረደ።

መልስ 27 እስከ 30

ከጉዳዩ ወጣን። ሃያ ሰባተኛው ዕድሜ ስለማሳነስ አነሣ። በወረቀት 16 የሆነችው በእርግጥ ስንት ናት ብሎ ጠየቀ። ሃያ ስምንተኛዋ መነሻዋን ሐሰተኛ ያልክ መሰለኝ ብላ ወረደችበት። ስለ ጫማ ዋጋ፣ ስለ ማናጀሮች ተጻፈ። ከዕድሜው ክርክር ግን አንድ ነገር ማንሳት ይቻላል። 19 ዓመት የሆናት ልጅ በ16 ዓመት ስም ስትወዳደር እውነተኛዋ የ16 ዓመት ልጅ ከጎኗ ደክማ ትታያለች። ያኔ አሰልጣኙ ልምምድ ይጨምርባታል። ምግቡ ግን አይጨመርም።

መልስ 31

መነሻዋ እህት ተመለሰች። መልስ 24 ላይ ለተሰነዘረባት ቃል አልመለሰችም። ታናሿ ጤና ጣቢያ ታይታለች። ሄሞግሎቢኗ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል፤ የብረት ኪኒን ተሰጥቷታል። ሌላው ምርመራ ደህና ነው። ራጅ ተነስታ ምንም አልታየም ተብላለች። ስለዚህ ልምምድ ትቀጥል ወይ ብላ ጠየቀች።

መልስ 32

ነርሷ ናት የመለሰችው፤ በፍጥነት። አትቀጥል። የአጥንት መሰንጠቅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራጅ ላይ ላይታይ ይችላል። ሕመሙ በአንድ ነጥብ ላይ ከሆነ እንዳለ ተቆጥሮ ሩጫው ይቁም፣ የአጥንት ሐኪም ይያት። ብስክሌት ካለ ሳያማት መንዳት ትችላለች። እረፍት ላይ ናት ተብሎ ግን ምግቧ እንዳይቀነስ አደራ አለች። አጥንት የሚጠገነው በእረፍቱ ጊዜ ነው። ከ9 እስከ 18 ዓመት በቀን 1300 ሚሊ ግራም ካልሲየም ይመከራል፤ አንድ ብርጭቆ ወተት ወደ 300 ገደማ አለው። ጎመንም ያግዛል።

የወር አበባው በኪኒን ይመለስ የሚል ካለ እንዳይሰሙትም አስጠነቀቀች። የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒን ደም ያሳያል እንጂ የምግቡን ጉድለት አይሞላም። አጥንቱ ያው እንደሳሳ ነው። በበቂ ምግብ በራሱ ሲመለስ ነው ሰውነቷ ማገገሙ የሚታወቀው። ወራት ሊፈጅ ይችላል።

መልስ 33 እና 34

ሃያ ሦስት ሺህ ሰው ባየው ክር ላይ ወንዶቹ ተረሱ ብሎ የገባ አባት ነው። ልጁ 14 ዓመቱ ነው፤ ግብ ጠባቂ። በአንድ ዓመት ቁመቱ ተመዟል። ከጉልበቱ በታች ያለው አጥንት አብጦ ያመዋል። ሁልጊዜ ይርበዋል፤ እናቱ ሆዳም ሆነ እያለች ትቆጣዋለች። ይህም ያው ችግር ነው ወይ ብሎ ጠየቀ።

የመለሰው መልስ 7 ላይ የጻፈው ባለሙያ ነው። የጉልበቱ ሕመም በዚያ ዕድሜ በሚዘሉና በሚሮጡ ልጆች ላይ የተለመደ ነው። ጅማቱ ገና ያልጠነከረውን አጥንት ስለሚጎትተው የሚመጣ ነው። ልምምዱን ቀነስ አድርጎ፣ ከጨዋታ በኋላ በረዶ ይያዝበት። ካልተሻለው ይታይ። ረሃቡ ግን በሽታ አይደለም። በዚህ ዕድሜ የሚራብ ልጅ ይብላ። እናቱ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ከእራት በፊት አንድ ተጨማሪ ምግብ ታዘጋጅለት፤ ዳቦ በኦቾሎኒ ቅቤ፣ ወይም የምሳው ፍርፍር። የሚያሰጋው ልጁ መራቡን ሲያቆም፣ እየከሳና እየተነጫነጨ ሲሄድ ነው። ያኔ ቶሎ ይመርመር።

አባትየው ፍርፍሩን ከዛሬ ጀምሮ እሱ ራሱ እንደሚሠራለት ጻፈ። ክሩ ክፍት ነው። የፕሮጀክት አሰልጣኞች ካላችሁ መልስ 26 ላይ ያለውን መምህር ስለ ድስቱ ጠይቁት፤ ለሁሉም እመልሳለሁ ብሏል።